የባትሪ ድንጋይ ውስጡ ሲታይ

የዛሬው ንግግራችን ሁላችንም በእጃችን ስለምንይዘው ነገር ነው፤ ስለ ባትሪ ድንጋይ። በጨፋ ሜዳ ሌሊት ማሽላ የሚጠብቅ ሰው ባትሪ ሳይዝ አይወጣም። ድንጋዩ ሲደክም አንዳንዱ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ አንዳንዱ በጥርሱ ይነክሰዋል፤ ሌላው እሳት ውስጥ ይጥለዋል። ለመሆኑ ድንጋዩ ለምን ይደክማል?

ስሙ ድንጋይ ይባል እንጂ ድንጋይ አይደለም። በተራው ዓይነት ከሽፋኑ ሥር ዚንክ ከሚባል ብረት የተሠራ ቆርቆሮ አለ። መሐሉ ላይ የካርቦን ዘንግ ቆሟል። በዘንጉ ዙሪያ ማንጋኒዝ ያለበት ጥቁር ዱቄት ታጭቋል፤ ዱቄቱንና ዚንኩን የሚያገናኘው ርጥብ ጨው ነው። ባትሪው ሲበራ ዚንኩ ቀስ በቀስ ይበላል፤ ኤሌክትሪኩም የሚገኘው ከዚህ ነው። ስለዚህ የፀሐይ ሙቀት ለጊዜው ያነቃቃዋል እንጂ የተበላውን ዚንክ አይመልስም።

ዚንኩ ከየት ጀምሮ እንደተበላ፣ የዱቄቱ ቅንጣት እንዴት እንደተለወጠ ግን ዓይናችን አይደርስበትም። በብርሃን የሚሠራው ማይክሮስኮፕም ገደብ አለው። አንድ ሚሊሜትር ለ5,000 ቢከፈል፣ ከዚያ ያነሰውን አጥርቶ አያሳይም። ምክንያቱስ? ብርሃን የሚጓዘው በሞገድ ነው፤ ሞገዱ ከሚታየው ነገር ከሰፋ ቅርጹን ለይቶ አያመጣም። ሰፊ ቀዳዳ ባለው ወንፊት ጤፍና አሸዋ እንደማይለዩ ሁሉ ማለት ነው።

ለዚህ መላ የተገኘው በጀርመን አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ማክስ ክኖልና ኤርንስት ሩስካ በብርሃን ፈንታ በኤሌክትሮን የሚያይ መሣሪያ ሠሩ። ኤሌክትሮን በሽቦ ውስጥ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ቅንጣት ነው፤ ሞገዱም ከብርሃን እጅግ ይጠብባል። አየሩ ተመጦ በወጣለት ቧንቧ ውስጥ ይለቀቃል፤ ማግኔትም እንደ መነጽር ሆኖ ይሰበስበዋል። አንዱ ዓይነት የዕቃውን ገጽ ይቃኛል፤ ሌላው በስስ ቁራጭ ውስጥ አልፎ እስከ አቶም ድረስ ያሳያል። ሩስካ በ1986 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ይህ ለእኛ ምን ይረባናል? በስልካችንና በብዙ የፀሐይ መብራት ውስጥ ያለው ባትሪ የሊትየም ነው። ደጋግሞ ይሞላል፤ ነገር ግን አልፎ አልፎ ያብጣል፤ እሳትም ይነሣበታል። ከምክንያቶቹ አንዱን ተመራማሪዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተውታል፤ በውስጡ ሊትየም እንደ እሾህ ይበቅላል። እሾሁ በሁለቱ ወገን መካከል ያለውን ስስ መጋረጃ ከበሳ ኤሌክትሪኩ አቋራጭ ያገኝና ባትሪው ይግላል። ችግሩ ኤሌክትሮኑ ራሱ እሾሁን ያበላሸው ነበር። በ2017 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እሾሁን በፈሳሽ ናይትሮጅን ቅዝቃዜ ጠብቀው አቶሞቹን ለማየት ቻሉ። በታይዋን የተማሩ ኢትዮጵያውያንም በሊትየም ባትሪ ላይ ተመራምረው ጥናታቸውን አሳትመዋል። የእሾሁ አበቃቀል ሲታወቅ መከላከያውን መፈለግ ይቻላል።

መሣሪያው በየቤታችን ባይኖርም የተገኘው ዕውቀት ለቤታችን ነው። ስለዚህ አድማጮች፣ ያበጠ የስልክ ባትሪ አትሙሉ፤ አትውጉት፤ አትጫኑት። የደከመ ድንጋይ ከሬዲዮ ውስጥ ይውጣ፤ ዚንኩ ሲበሳ የሚፈሰው ነገር ሬዲዮውን ይበላዋልና። በጥርስ አይነከስ፤ እሳት ውስጥ አይጣል፤ ሊፈነዳ ይችላል። የልጆች መጫወቻ አይሁን፤ ወደ ቦርከና ወንዝም አይወርወር።

በየቡድናችሁ እንዲህ ተወያዩ፤ በቤታችን ያለቀ ባትሪ የት ይቀመጣል? ማንስ ይነካዋል? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ደህና ሁኑ።