የሚያዋጣ የጌም ኮምፒውተር እንዴት እንገጣጥም?



ዕቃውን ለየብቻ ገዝቶ ኮምፒውተር መገጣጠም ብር ሊቆጥብልን ይችላል፤ የሚቆጥበው ግን አመራረጡን ካወቅንበት ነው። ብዙዎቻችን የምንገዛው ቤተሰብ በላከልን ወይም ለወራት ባጠራቀምነው ብር ነው። ያልገጠመ ዕቃ ለሻጭ መመለስ ደግሞ ከባድ ነው። ስለዚህ አንድ መርህ እንያዝ፦ ብሩ ሥራውን በሚወስነው ዕቃ ላይ ይዋል፣ ሌላው በቂ ይሁን።

መነሻችን ስክሪኑ ነው

1080ፒ ስክሪን ላይ 2 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች (ፒክስሎች) አሉ፤ 4ኬ ላይ ከ8 ሚሊዮን በላይ። ግራፊክስ ካርዱ እያንዳንዱን ምስል ሲሠራ እነዚህን ሁሉ መሙላት አለበት። 60 ኸርዝ ስክሪን ደግሞ በሰከንድ ከ60 በላይ ምስል አያሳይም። ስለዚህ 1080ፒ፣ 60 ኸርዝ ስክሪን ያለው ተማሪ ውድ ካርድ ቢገዛ፣ አብዛኛውን ጉልበቱን ሳያየው ይቀራል።

ግራፊክስ ካርድ

ከበጀቱ ትልቁ ድርሻ የዚህ ነው። ለ1080ፒ በ2021 የወጣው ባለ 8 ጊጋባይት አርኤክስ 6600 ጥሩ ምሳሌ ነው። ያገለገለ ካርድ ስንገዛ ግን እንጠንቀቅ፤ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ በአዲስ ስም የሚሸጥ አሮጌ ካርድ አለ። ብር ከመክፈላችን በፊት ጂፒዩ-ዜድ በተባለው ነፃ ፕሮግራም እንፈትሸው፤ ከባድ ጌም ከፍተንም ግማሽ ሰዓት ያህል እንየው።

ፕሮሰሰር፣ ራም እና ኤስኤስዲ

ለአብዛኛው ጌም ባለ 6 ኮር ፕሮሰሰር ይበቃል። ራይዘን 5 5600 ማቀዝቀዣው አብሮት ስለሚመጣ ሌላ ወጪ የለውም፤ ያለ ግራፊክስ ካርድ ግን ስክሪን ላይ ምንም አያሳይም። ብሩ ለካርድ ካልደረሰ 5600ጂ አለ። ግራፊክሱ ውስጡ ስለሆነ ለጊዜው ቀለል ያሉ ጌሞችን እየተጫወትን ካርዱን በኋላ እንጨምራለን።

ራም ስንገዛ ከአንድ ባለ 16 ጊጋባይት ሁለት ባለ 8 ይሻላል፤ ፕሮሰሰሩ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ ፍጥነቱ ይጨምራል። ለ5600ጂ ደግሞ ይህ የግድ ነው ማለት ይቻላል፤ ግራፊክሱ የሚጠቀመው ይህንኑ ራም ነውና። ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ መቀየር ትልቅ ለውጥ አለው። በተራ ኤስኤስዲና በጣም ፈጣን በሚባለው መካከል ግን በጌም ላይ የሚታየው ልዩነት ትንሽ ነው።

የማይቆጠብበት ዕቃ

ፓወር ሰፕላይ ነው። 5600 65 ዋት፣ አርኤክስ 6600 ደግሞ 132 ዋት ተብለው የተመደቡ ናቸው፤ ስለዚህ የታወቀ አምራች የሠራው ከ500 እስከ 550 ዋት በቂ ነው። «700 ዋት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ሲበላሽ ካርዱንና ማዘርቦርዱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ አደጋው ይብሳል።

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር

ዋጋው ስለሚቀንስ ብዙዎች በእሱ ላይ ካርድ መጨመር ያስባሉ። ሁለት ነገር እንይ። ቀጭን ኬዝ መደበኛ ካርድ አያስገባም። አንዳንዶቹ ደግሞ የፓወር ሶኬታቸው ለራሳቸው ብቻ የተሠራ ስለሆነ በገበያ ያለው ፓወር ሰፕላይ አይገጥማቸውም። ያኔ ምርጫችን ከማዘርቦርዱ ብቻ ኃይል የሚወስድ፣ ከ75 ዋት ያልበለጠ ካርድ ይሆናል።

ባለ መብራት ማራገቢያና የመስታወት ኬዝ ያምራሉ፤ ጌሙን ግን አያፈጥኑትም። የእነሱን ብር ወደ ካርዱ እናዙረው። ከሁሉም በፊት ደግሞ ዝርዝሩን በወረቀት ጽፈን ፕሮሰሰሩ፣ ማዘርቦርዱና ራሙ መግጠማቸውን እናረጋግጥ። የተጠራጠራችሁ ካላችሁ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት ዝርዝሩን ይዛችሁ ኑ፤ ኢንሻአላህ አብረን እናየዋለን።