ከድልድዩ በታች

ዮግያካርታ ውስጥ ከቱጉ ሐውልት ተነስቶ በጄኔራል ሱዲርማን ጎዳና ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው ጥቂት እንደተጓዘ ጎንዶላዩ ድልድይን ይሻገራል። በመኪና ከሆነ ድልድይ መሻገሩንም ላያስተውል ይችላል፤ ግራ ቀኙ ሆቴልና ሱቅ፣ ፊት ለፊቱ የሞተር ብስክሌት ግፊያ ነው። የድልድዩን መደገፊያ ይዞ ወደ ታች ያጎነበሰ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል፦ ትከሻ ለትከሻ የተጋጠሙ ጣሪያዎች፣ በቀርከሃ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ፣ በሁለት ግንብ መካከል የሚወርድ ቡናማ ውሃ። ውሃው ቾዴ ወንዝ ነው። ሰፈሩም በወንዙ ስም ካምፑንግ ቾዴ ይባላል። ካምፑንግ በኢንዶኔዥያ ከዋናው መንገድ ጀርባ ያለ፣ ነዋሪው የሚተዋወቅበት ሰፈር ነው።

ቾዴ የሚመነጨው ከከተማዋ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከቆመው ከሜራፒ ተራራ ነው። ሜራፒ ከ2,900 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውና ለረጅም ጊዜ ተኝቶ የማያውቅ እሳተ ገሞራ ነው። ወንዙ ተራራው ሥር ቦዮንግ ይባላል፣ ከተማ ሲገባ ቾዴ ይሆናል፣ ከከተማዋ በስተደቡብ ከኦፓክ ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይዘልቃል። የዮግያካርታ የመጀመሪያው ሱልጣን እ.ኤ.አ. ከ1755 ጀምሮ ቤተ መንግሥታቸውን ሲቆረቁሩ የመረጡት በቾዴና በዊኖንጎ ወንዞች መካከል ያለውን ከፍ ያለ ሜዳ ነው። ገበያውም፣ በኋላ የመጡት የደች ሹማምንት ቤቶችም ይህንኑ ከፍታ ተከትለው ተሠሩ። ኮታባሩ የሚባለው ባለ ሰፋፊ ግቢው ሰፈር በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለአውሮፓውያን የተሠራ ነው። ከገጠር ዘግይቶ ለመጣ ድሃ የቀረው ተዳፋቱና ጎርፍ የሚደርስበት የወንዝ ዳር ነበር።

ይህን ዝቅተኛ መሬት ጃቫውያን ሌዶክ ይሉታል። የሌዶክ ሰው መባል ለረጅም ጊዜ ነውር ነበር። አውስትራሊያዊው የሥነ ሰብ ምሁር ፓትሪክ ጊነስ በ1970ዎቹ ወደ ታች ወረድ ብሎ እዚያው ቾዴ ዳር ባለው ራትማካን ሰፈር ጥናቱን አካሄደ፣ በ1986 መጽሐፉን አሳተመ። በጽሑፉ ከመንገድ ዳር ያሉት ከታች ያሉትን እንዴት ዝቅ አድርገው እንደሚያዩና ከታች ያሉትም በመረዳዳት እንዴት ቀን እንደሚገፉ አሳይቷል። በላይኛውና በታችኛው ሰፈር መካከል ያለው ርቀት ጥቂት የደረጃ እርከን ብቻ ነው፤ ግን ሁለቱ ለየቅል የሆኑ ዓለሞች ነበሩ።

ከጎንዶላዩ ሥር የነበረው ቁራጭ መሬት ደግሞ ለሌዶክም ሌዶክ ነበር ማለት ይቻላል። ከተማው ቆሻሻውን የሚደፋበት ቦታ ላይ ላስቲክና ካርቶን ወጥረው የሚኖሩት ቆሻሻ ለቃሚዎች፣ ቤቻክ የሚባለውን ባለ ሦስት እግር የሰው ማመላለሻ በፔዳል የሚነዱ፣ ጎዳና ላይ የሚነግዱ፣ ሴተኛ አዳሪዎችና ሌላ ማደሪያ ያጡ ሰዎች ነበሩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የከተማው አስተዳደር ሊያስነሳቸው ተነሳ። ዘመኑም ክፉ ነበር። ወንጀለኛ ናቸው የተባሉ፣ ብዙዎቹም ንቅሳት ያለባቸው ሰዎች በሌሊት እየተወሰዱ ተገድለው ሬሳቸው መንገድ ላይ የሚጣልበት ዘመቻ በ1983 የጀመረው ከዚሁ ከዮግያካርታ ነው። ፕሬዚዳንት ሱሃርቶ በ1989 ባወጡት የሕይወት ታሪካቸው ድርጊቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ማስደንገጫ እንደነበር ጽፈዋል። በዚያን ጊዜ «የወንዝ ዳር ሰው» መባል ምን ያህል ያስፈራ እንደነበር ከዚህ መገመት አያዳግትም።

በዚህ መሀል ነው ዩሱፍ ቢልያርታ ማንጉንዊጃያ የመጡት። የካቶሊክ ቄስ ነበሩ፤ ሰዉ «ሮሞ ማንጉን» ይላቸዋል፣ በእኛ «አባ ማንጉን» እንደማለት። በልጅነታቸው ለነጻነት ከተዋጉት ተማሪዎች አንዱ ነበሩ፤ ቄስ ከሆኑ በኋላ ጀርመን አኸን ከተማ ሄደው ሥነ ሕንፃ ተምረዋል፤ በ1981 ደግሞ «ቡሩንግ-ቡሩንግ ማንያር» የተሰኘውን ልቦለዳቸውን አሳትመው በደራሲነት ስም አትርፈዋል። እንዲህ ያለ ሰው ድሆቹን ለመርዳት ብሎ ከላይ ሆኖ ንድፍ ቢልክ ማንም አይወቅሰውም ነበር። እሳቸው ግን ወርደው እዚያው ከድልድዩ ሥር ጎጆ ቀልሰው ተቀመጡ። የአካባቢው ሹም ከነበሩት ከዊሊ ፕራሴትያ ጋር ሆነው ነዋሪውን አደራጁ። የፕራሴትያ ስም በብዙ ጽሑፍ ውስጥ በአንድ ሐረግ ይታለፋል፤ የሹመት ማኅተም በእጁ ያለ ሰው ከነዋሪው ጎን ባይቆም ኖሮ ቄሱ ብቻቸውን የት ይደርሱ እንደነበር እጠራጠራለሁ።

ቤቶቹ የተሠሩት ከ1983 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት ነው። መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ መጀመሪያ በድንጋይ ተደለደለ፤ በላዩ የኮኮናት ግንድና ቀርከሃ ቆመ፤ ግድግዳው የተሸመነ ቀርከሃ ሆነ። ሁሉም ከአቅራቢያ የሚገኝና ሠሪው ራሱ ሊጠግነው የሚችል ነው። ቁልቁል የተዘረጋው ሹል ጣሪያ ለከባዱ የጃቫ ዝናብ ይመቻል፤ የቤቱ ክብደትም ቀላል ስለሆነ የላላው አፈር ይችለዋል። መሀል ላይ መሰብሰቢያ አዳራሽ ተሠራ። ገንዘቡ ከመንግሥት ካዝና አልወጣም፤ ለጋሾች አዋጡ፣ ጉልበቱን ነዋሪው ሰጠ። ከዚያ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች በፈቃደኝነት ቀለም ይዘው መጡና ከነዋሪው ጋር ግድግዳው ላይ ተክልና እንስሳ ሣሉ። የማፍረሱ ሐሳብ ግን አልተተወም ነበርና ማንጉንዊጃያ የረሃብ አድማ እመታለሁ ብለው አስጠነቀቁ። በመጨረሻ አስተዳደሩ ዕቅዱን ተወው። በ1992 ሰፈሩ በሥነ ሕንፃው ዓለም ከታላላቆቹ አንዱ የሆነውን የአጋ ካን ሽልማት አገኘ። የተሸለመው ሕንፃ ሠላሳ አርባ ለሚሆኑ ቤተሰቦች የተሠራ የቀርከሃ መጠለያ መሆኑ ብዙ የሙያ ሰዎችን አስገርሟል።

ጎብኚ የሚያነሳው ፎቶ ቀለሙን ነው። እኔ ግን ሰፈሩን ያቆመው ቀለሙ አይመስለኝም፤ የጎረቤት አደረጃጀቱ ነው። በኢንዶኔዥያ ከቀበሌ በታች ኤርቴ የሚባል በአሥሮች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች አደረጃጀት አለ፤ በርከት ያሉ ኤርቴዎች አንድ ላይ ኤርዌ ይሆናሉ። መሠረቱ በ1940ዎቹ ጃፓኖች ጃቫን ሲይዙ ሕዝቡን ለመቆጣጠር የዘረጉት የጎረቤት ቡድን ነው፤ ወራሪው ሄደ፣ ቡድኑ ቀረ። የኤርቴውን ሰብሳቢ ጎረቤቶቹ ይመርጡታል። መታወቂያ ለማውጣት፣ ልጅ ለማስመዝገብ፣ ሬሳ ለመቅበር ለረጅም ጊዜ የእሱ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ለላስቲክ ቤት ነዋሪ ኤርቴ ማግኘት ማለት በመንግሥት ዓይን ሰው ሆኖ መቆጠር ነበር።

ከዚህ አደረጃጀት ውስጥ የዕለት ኑሮው ይፈልቃል። ሴቶቹ አሪሳን ይጥላሉ፤ አሪሳን የእኛው እቁብ ነው፣ ዕጣው ሳይቀር። ወንዶቹ ተራ ገብተው ሌሊት ሰፈሩን ይጠብቃሉ፤ ሌባ ሲመጣ ወይም ውሃ ሲሞላ ኬንቶንጋን የሚባለውን ውስጡ የተቦረቦረ እንጨት ይመታሉ። እያንዳንዱ ቤት ደጁ ላይ በትንሽ ዕቃ እፍኝ የማትሞላ ሩዝ ያስቀምጣል፣ ተረኛው ጠባቂ በሌሊት ይሰበስባል፣ ተሸጦ ለጋራ ጉዳይ ይውላል። አሁን በሩዙ ፋንታ ሳንቲም የሚያኖሩ ብዙ ናቸው።

ነገሩን ከማላንግ ከተማ ጋር ማስተያየት ይቻላል። በምሥራቅ ጃቫ በብራንታስ ወንዝ ዳር ያለው ጆዲፓን ሰፈርም የመፍረስ ሥጋት ነበረበት። በ2016 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአንድ የቀለም ፋብሪካ ጋር ሆነው ሰፈሩን ሁሉ በደማቅ ቀለም አስቀቡት፤ አሁን ጎብኚ ከፍሎ ይገባል። ገቢው ለነዋሪው መልካም ነው፣ አልቃወምም። ግን ቀለም ከሦስት አራት ክረምት በኋላ ይለቃል፤ አብሮ የሚጠብቅ ጎረቤት ከሌለ የሚያድሰው ማን ነው?

የቾዴ ሰዎች ጉርብትናቸው የተፈተነው በ2010 ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሜራፒ ፈነዳ፤ ከ350 በላይ ሰው ሞተ፤ ከ100 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር የሚበልጥ አመድ፣ አሸዋና ድንጋይ ከተራራው ወጣ። ይህ ሁሉ ተራራው ወገብ ላይ ተቆልሎ ዝናብ ይጠብቃል፤ ዝናቡ ሲመጣ ላሃር የሚባለው ከባድ ጭቃማ ጎርፍ ሆኖ በወንዞቹ ይወርዳል። ኅዳር ማብቂያ ላይ ላሃሩ በቦዮንግ በኩል ቾዴን ይዞ ከተማው መሀል ደረሰ፣ ወንዝ ዳር ያሉትን ቤቶች በጭቃ ሞላ። ከዚያም ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይኸው ሥጋት ሆነ። የወንዙ ወለል በደለል ከፍ ስላለ ትንሽ ውሃ እንኳ ግንቡን ዘሎ ይወጣ ጀመር። ነዋሪው አሸዋ በጆንያ እየሞላ ከለለ፣ ከተራራው ሥር ካሉ ሰዎች ጋር በሬዲዮ መገናኛ እየተነጋገረ ውሃው ከመድረሱ በፊት ልጆችና አረጋውያንን ወደ ላይኛው መንገድ አወጣ። ግንቡም በኋላ ከፍ ተደርጎ ተሠራ። ከወንዙ የወጣው አሸዋ ደግሞ ለግንባታ ተፈላጊ ነውና ጥቂቶች እየዛቁ ሸጡት። ሜራፒ የሚያጠፋውን ያህል እንጀራም ይሰጣል።

ዱሮ ቤቶቹ ለወንዙ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር የሚሠሩት፤ ጓዳውም ሽንት ቤቱም ቆሻሻውም ወደ ወንዙ ነበር። ባለፉት ዓመታት የወንዝ ዳር ማኅበሮችና መንግሥት በሦስት የጃቫ ቃላት የሚጠሩት መመሪያ ተስፋፍቷል፦ ቤትህን ከወንዙ አፈግፍግ፣ ወደ ላይ ከፍ አድርግ፣ ፊትህን ወደ ወንዙ አዙር። በተተገበረበት ቦታ ወንዝ ዳር መተላለፊያ ተከፍቷል፣ ልጆች ይጫወታሉ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛም መግቢያ አግኝቷል።

ችግሩ መሬቱ ነው። የወንዝ ዳር መሬት በዮግያካርታ በአብዛኛው የሱልጣኑ ነው ይባላል፤ በ2012 የወጣው የክልሉን ልዩ መብት የሚደነግግ ሕግም ሱልጣኔቱን የመሬት ባለቤት መሆን የሚችል አካል አድርጎ አውቆታል። ሱልጣን ሐመንግኩቡዎኖ 10ኛ ያለ ምርጫ የክልሉ ገዥም ስለሆኑ የመሬቱ ጌታና የመንግሥቱ ራስ አንድ ሰው ናቸው። ነዋሪው ከቤተ መንግሥት የመጠቀሚያ ደብዳቤ ሊሰጠው ይችላል፤ የባለቤትነት ደብተር ግን አይደለም። መብራት ቆጣሪ አለው፣ መታወቂያ አለው፣ ኤርቴ አለው፣ ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘ ሰፈር አለው። ቤቱን ሦስት ሜትር አፈግፍግ ሲባል ግን፣ የቤቱ ጠቅላላ ስፋት ከዚያ ብዙም የማይበልጥ ሰው ወደ ኋላ የሚሄድበት መሬት ከማን እንደሚያገኝ መመሪያው አይናገርም።