የወንጀል ፊልም ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር

የፊልም ደራሲያን «ሎግላይን» የሚሉት፣ የአንድን ፊልም ታሪክ በአንድ ወይም ቢበዛ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያስጨብጥ ጽሑፍ ነው። ባለታሪኩ ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደ ገጠመው፣ ምን እንደሚያግደውና ባይሳካለት ምን እንደሚያጣ ይገልጻል። ስም አያስፈልገውም፤ የሰውዬው ሥራና ሁኔታ ይበቃል።

አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1954 ያቀረበውን «ሪር ዊንዶው» የተባለ ፊልም እንውሰድ። ተማሪ በመጀመሪያ ረቂቁ «አንድ ሰው ጎረቤቱን በወንጀል ይጠረጥራል» ይል ይሆናል። ስሕተት የለበትም፤ ግን ልብ አይሰቅልም። ለምን ራሱ ሄዶ አያጣራም? ለፖሊስስ ለምን አይነግርም? ይህን እየጠየቅን ስናርመው እንዲህ ይሆናል፦ «እግሩ ተሰብሮ ቤት የዋለ ፎቶግራፍ አንሺ ጎረቤቱ የገዛ ሚስቱን እንደ ገደለ ይጠረጥራል፤ መርማሪ ወዳጁ ስላላመነው፣ ተጠርጣሪው ሳይነቃበት ከወንበሩ ሆኖ ማስረጃ መፈለግ ግድ ይሆንበታል።»

እዚህ ላይ የተሰበረው እግር ጌጥ አይደለም፤ ታሪኩን የተሸከመው እሱ ነው። ሰውዬው ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ተነሥቶ ባጣራ፣ ፊልሙም በሩብ ሰዓት ባለቀ ነበር!

ገዳዩን እንግለጽ ወይስ እንደብቅ? ይህ እንደ ታሪኩ ነው። በዚያው ዓመት በወጣው «ዳያል ኤም ፎር መርደር» ባልየው ሚስቱን ለማስገደል ማሤሩን ተመልካቹ ገና ከጅምሩ ያውቃል፤ ጭንቀቱ ይያዛል ወይስ ያመልጣል የሚለው ስለ ሆነ መደበቁ ትርጉም የለውም።

በክፍል ውስጥ ተማሪው ረቂቁን ለጓደኛው ያንብብለት። ጓደኛው «ከዚያስ?» ካለ ይበቃል፤ «ታዲያ ምን ይሁን?» ካለ ግን ባለታሪኩ የሚያጣውን ነገር እንደ ገና ይፈልግ።