ማጉያውና የስፒከሩ ሳጥን ካልተስማሙ

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ባደረገው የበዓል ዝግጅት ላይ ከተጋበዙት እንግዶች መካከል እኛም ነበርን። ሙዚቃውን የያዙት የመሥሪያ ቤቱ ወጣት ሠራተኞች ራሳቸው ሲሆኑ፣ መሣሪያዎቻቸውንም የገዙት ከየደመወዛቸው እየቆረጡ ዕቁብ ጥለው ነው። ዝግጅቱ የተደረገው በሰፊ ድንኳን ውስጥ ስለ ነበረ የድራሙ ድምፅ ቤዝ ጊታሩን ይሸፍነው ጀመር። ቤዙን የሚመታው ወጣት በየዘፈኑ መካከል ወደ ማጉያው ዘወር እያለ አንድ ጊዜ ጌይኑን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የወፍራሙን ድምፅ ማዞሪያ ከፍ ያደርግ ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል እንደ ተጫወቱ መጀመሪያ የሚሻክር ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ሽታ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ቤዙ ጭራሹን ዝም አለ።

በማግሥቱ ነገሩ ሲመረመር ሦስት ዓይነት ፍርድ ተሰጠ። አንደኛው፦ «ማጉያው 500 ዋት፣ ሳጥኑ ግን 300 ዋት ነው፤ ትልቁ ትንሹን ገደለው» አለ። ሁለተኛው፦ «የለም፤ እንዲያውም ማጉያው አንሶት ነው፤ ትንሽ ማጉያ ስፒከር ያቃጥላል» ሲል ተከራከረ። ሦስተኛው ደግሞ፦ «ጌይኑ ከግማሽ ማለፍ አልነበረበትም» በማለት ጥፋቱን ሁሉ በባለቤዙ ላይ ጣለው። የወር ደመወዙን ከፍሎ ለገዛ ሰው ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ ስለዚህ ወጣቶቹ እንድናይላቸው ቢጠይቁን ማጉያውንና ሳጥኑን አዙረን በጀርባቸው የተጻፈውን አነበብን።

በቅድሚያ ስለ ጌይን እንናገር። ጌይን የሚባለው ማዞሪያ ከጊታሩ የሚመጣውን እጅግ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምልክት ምን ያህል አብዝቶ ወደ ውስጥ እንደሚያስገባ ይወስናል እንጂ የማጉያውን ጉልበት አይጨምርም። ወፍጮ ቤት የገባ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። የእህሉን መውረጃ ቢያሰፉት ድንጋዩ ከአቅሙ በላይ አይፈጭም፤ ይታፈናል እንጂ። የአንዱ ጊታር ምልክት ደካማ፣ ባትሪ ያለበት የሌላው ጊታር ግን ብርቱ ስለሚሆን፣ አንዱ ማዞሪያው ሰባት ላይ ሲደርስ የሚያገኘውን ሌላው ሦስት ላይ ያገኘዋል። እንግዲህ «ከግማሽ አትለፍ» የሚለው ምክር የሚመዝነው ነገር የለም። ጌይንን ለማስተካከል የሚሻለው ጊታሩን በዘፈኑ ውስጥ በሚመታበት ኃይል እየመቱ ቀዩ መብራት ብልጭ እስኪል ማዞሪያውን ከፍ ማድረግ፣ ከዚያም ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ነው።

አሁን ወደ ዋቱ እንምጣ። ማጉያው ጀርባ ላይ «500 ዋት» ከሚለው አጠገብ በትንሹ «በ4 ኦም» የሚል ነበረ፤ የሳጥኑ ጀርባ ደግሞ «300 ዋት፣ 8 ኦም» ይላል። ኦም የሚባለው ሳጥኑ የኤሌክትሪኩን መተላለፍ የሚቋቋምበት መጠን ነው፤ ኦሙ ባነሰ ቁጥር ከማጉያው የሚወጣው ኃይል ይበዛል። ሂሳቡ ለተማሪ ቀላል ነው። 500 በ4 ሲባዛ 2,000 ይሆናል፤ የዚህም ካሬ ሥር 44.7 ነውና ማጉያው በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 44.7 ቮልት ያወጣል ማለት ነው። ያንኑ ቮልት በ8 ኦም ሳጥን ላይ ብናሳርፈው 2,000 ለ8 ተካፍሎ 250 ዋት ይሆናል። በእርግጥ ብዙ ማጉያዎች በ8 ኦም ከዚህ ጥቂት ከፍ ያለ ይሰጣሉ፤ ቢሆንም የመጀመሪያው ፈራጅ የፈራው 500 ዋት ወደዚያ ሳጥን በንጹሕ ድምፅ ሊደርስ አይችልም ነበር።

ታዲያ 300 ዋት የሚችል ሳጥን በ250 ዋት እንዴት ተቃጠለ?

ስፒከር ወደ እሱ ከሚገባው ኃይል ድምፅ አድርጎ የሚያወጣው ከመቶ ጥቂቱን ብቻ ነው። የቀረው በማግኔቱ መካከል በሚንቀሳቀሰው የሽቦ ጥቅል ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሙዚቃ ንጹሕ ሆኖ ሲጫወት አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ስለሚል አማካዩ ኃይል ከተጻፈው ዋት እጅግ ያነሰ ነው፤ ሽቦውም በየመካከሉ ይቀዘቅዛል። ማጉያው ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ግን የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጥና አናቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጨርሶ አራት ማዕዘን ቢሆን ኃይሉ እስከ እጥፍ ይደርሳል፤ 250 የነበረው ወደ 500 ያመራል ማለት ነው። ያ ወጣት ቀዩ መብራት ሳይጠፋ ሁለት ሰዓት ተጫውቷል። ሁለተኛው ፈራጅ ወደ እውነቱ የቀረበው እዚህ ላይ ነው፤ ነገር ግን ያቃጠለው የማጉያው ማነስ ሳይሆን ሙቀቱ ነው። ትንሽ ማጉያ በልኩ ከተጫወቱበት ትልቅ ሳጥን ላይ ዕድሜ ልኩን ቢሠራ ምንም አያደርግም።

የወፍራሙ ድምፅ ማዞሪያም የራሱን ጉዳት ጨምሯል። አንድን ድምፅ በ3 ዲሲቤል ከፍ ለማድረግ ኃይሉ እጥፍ መሆን አለበት፤ በ6 ዲሲቤል አራት እጥፍ፣ በ12 ዲሲቤል ደግሞ 16 እጥፍ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ያ አንድ ማዞሪያ በጸጥታ ያዝዛል። ከዚህም በቀር የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ፣ ባለ አምስቱ ክር ቤዝ ደግሞ 31 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ቀዳዳ ባለው ሳጥን ውስጥ ድምፁ ሳጥኑ ከተቃኘበት በታች ሲወርድ የስፒከሩን ወረቀት ደግፎ የሚይዘው አየር ይለቅቀዋል፤ ወረቀቱም ከመጠን በላይ ወዲያና ወዲህ ይወረወራል። በመጀመሪያ የሰማነው የመሻከር ድምፅ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ችግር የኛ ወጣቶች ብቻ አይደለም። ሊዮ ፌንደር በአሜሪካ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታሩን ባወጣ በዓመቱ የሠራለት ማጉያ አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር ብቻ የያዘ ነበር። አዳራሹና ድራሙ እየበረቱ ሲሄዱ አምፔግ የተባለው ፋብሪካ በ1969 ኤስ ቪ ቲ የተባለውን ባለ 300 ዋት የቫልቭ ማጉያ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ሮሊንግ ስቶንስ በአሜሪካ ባደረጉት ጉዞ ይዘውት ዞረዋል። እኛን የሚያስደንቀን ግን ዋቱ አይደለም። ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ያለበት ሳጥኑ የሚችለው 240 ዋት ብቻ ስለ ነበረ መሐንዲሶቹ ሁለት ሳጥን አድርገው ኃይሉን አካፈሉት። ሁለት ባለ 4 ኦም ሳጥን ጎን ለጎን ሲገናኝ 2 ኦም ይሆናልና ማጉያውንም ለዚያው አዘጋጁት። 16 ስፒከር ብዙ አየር ስለሚገፋ እያንዳንዱ ብዙ መልፋት የለበትም። በገና የሚሠራ ባለሙያም ሳጥኑን ሰፊ አድርጎ ቆዳ የሚወጥርበት ለዚሁ ነው፤ ያንን ወፍራም ክር በክራር ላይ ቢያስሩት ማን ይሰማዋል?

ስለ ሳጥኑ አቅም ስንናገር ሻጮች እምብዛም የማይጠቅሱት አንድ ቁጥር አለ፤ ይኸውም ሳጥኑ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ላይ የሚያሰማው ድምፅ ነው። 94 ዲሲቤል የሚል ሳጥን በ400 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ፣ 100 ዲሲቤል የሚለው በ100 ዋት ይሰጣል። የተቃጠለው ሳጥን 94 የሚል ነበር። ለትንሽ ክፍል መልካም ነው፤ ለድንኳን ግን ብቻውን አይበቃም፤ ጌይን ቢጨመርለትም ጉድለቱ አይሞላም።

«ታዲያ ጋሼ፣ ትልቅ ማጉያ እንግዛ?» አሉን።

ማጉያው ይበቃችኋል፤ ሌላ ያንኑ የመሰለ ባለ 8 ኦም ሳጥን ፈልጉ አልናቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲገናኙ 4 ኦም ይሆናሉ፤ ማጉያው ሙሉ 500 ዋቱን ያወጣል፤ ለእያንዳንዱ ሳጥን ግን የሚደርሰው 250 ነው። ድምፁም ከኃይሉ መጨመር የተነሣ 3 ዲሲቤል፣ ሁለቱ ሳጥኖች ተጠጋግተው አንድ ላይ ስለሚገፉ ደግሞ በወፍራሙ በኩል እስከ 3 ዲሲቤል ይጨምራል። የተቃጠለው ስፒከር ሽቦውና ወረቀቱ ተለውጦ ሊታደስ ስለሚችል ሳጥኑን አትጣሉ ብለናቸዋል። ከአሜሪካ ዘመድ ሊልክላቸው ስላሰበው ማጉያም ሲጠይቁን፣ ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ያለ መቀነሻ ትራንስፎርመር በኛ 220 ቮልት ላይ እንዳይሰኩት አስጠነቀቅናቸው። ባለ ቫልቭም ከሆነ የኦም መምረጫውን ከሳጥኑ ጋር ሳያስተካክሉ፣ ይልቁንም ስፒከር ሳይያያዝበት፣ ሊጫወቱበት አይገባም።

ወጣት ሲደሰት ልኩን ያልፋልና አንደኛው ሦስት ሳጥን ቢሆንስ አለን። ሦስት ባለ 8 ኦም ሳጥን ጎን ለጎን ሲገናኝ 2.67 ኦም ይሆናል፤ ማጉያቸው ደግሞ ከ4 ኦም በታች አይሠራም የሚል ተጽፎበታል። ድንኳኑ ከዚህም በላይ ሰፊ ከሆነ ከማጉያው ጀርባ ካለው መስመር በገመድ ወስደው ወደ ዋናው ድምፅ ማጉያ እንዲያስገቡት ነግረናቸው ተለያየን።