ጅራፍ ለምን ይጮኻል? የማሳ ጥበቃ ፊዚክስ

“ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል” የሚለውን ተረት የማያውቅ አንባቢ አይኖርም። ተረቱ በድሎ የሚያለቅስን ሰው ለመንቀፍ የሚነገር ቢሆንም፣ በውስጡ አንድ የፊዚክስ ጥያቄ ተሸሽጎ ይገኛል። የቡሄ ጅራፍ ማንንም ሳይነካ፣ በባዶ አየር ላይ፣ ለምን እንደ ጠመንጃ ይጮኻል?

እኛ ይህን ሳንጠይቅ ነው ያደግነው። በቆላው የማሽላ አገር፣ ሰብሉ ፍሬ ከያዘበት ቀን አንሥቶ እስኪታጨድ ድረስ ማለዳ ማማ ላይ ወጥተን ጅራፍ እናጮህ ነበር። ዓላማችን ወፍና ዝንጀሮ ማባረር እንጂ ሳይንስ አልነበረም። መልሱን ያገኘነው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በባዕድ አገር የትምህርት አዳራሽ ተቀምጠን ነው።

የጅራፉ ምስጢር

ጅራፍ ከእጀታው ወፍራም፣ ከጫፉ ቀጭን ነው። እጃችን የሰጠው ጉልበት በጅራፉ ላይ እንደ እጥፋት ሆኖ ወደ ጫፍ ይጓዛል። እጥፋቱ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር የሚያንቀሳቅሰው ግዝፈት እየቀነሰ ስለሚመጣ፣ ያው ጉልበት ትንሹን ግዝፈት በታላቅ ፍጥነት ያስፈነጥረዋል። በመጨረሻም ፍጥነቱ በአየር ውስጥ ካለው የድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሴኮንድ ከ340 ሜትር ገደማ ይበልጣል። አየሩ ለመሸሽ ጊዜ ስለሚያጣ ይታመቃል፤ የታመቀውም አየር ብርቱ የግፊት ሞገድ ሆኖ ይፈነዳል። አሌን ጎሪዬሊና ታይለር ማክሚለን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ጩኸቱን የሚወልደው ይኸው ተጓዥ እጥፋት መሆኑን በሒሳብ አሳይተዋል። እንግዲህ የገበሬው ልጅ በየማለዳው ከድምፅ የሚፈጥን ነገር በእጁ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ማማውና ወንጭፉ

ማማ በማሳው መካከል የሚተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። የድምፅ ብርታት በርቀት ካሬ ልክ ይቀንሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርታቱ ሩብ ይሆናል። ጎኖቹ 100 ሜትር በ100 ሜትር የሆነ አንድ ሄክታር ማሳ እንውሰድ። ጠባቂው በአንዱ ማዕዘን ቢቆም የተቃራኒው ማዕዘን 141 ሜትር ይርቀዋል። በመካከል ቢቆም ግን ከማንኛውም ማዕዘን የሚለየው 71 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ጩኸቱ ወደ ሩቁ ማዕዘን ሲደርስ አራት እጥፍ ብርቱ ይሆናል።

ወንጭፍስ? ክንድና ወንጭፍ በአንድነት 1.2 ሜትር ቢረዝሙና በሴኮንድ 4 ጊዜ ቢሽከረከሩ፣ ድንጋዩ በሴኮንድ 30 ሜትር ያህል ፍጥነት ይዞ ይወጣል። በ45 ዲግሪ ቢለቀቅ፣ የአየሩን ሰበቃ ሳንቆጥር፣ 92 ሜትር ገደማ ይበርራል። ሰበቃው ከዚህ ላይ ቢቀንስም፣ ከማማው የሚወረወር ድንጋይ አብዛኛውን ማሳ ያዳርሳል።

መላመድ የተባለው ጠላት

ይህ ሁሉ ሲሆን ገበሬው ለምን ይሸነፋል? አንደኛው ምክንያት ብዛት ነው። አንዲት ግሪሳ ወፍ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ትበላለች፤ አንድ ሚሊዮን ግሪሳ ሲሰፍር ግን በቀን 100 ኩንታል ይጠፋል። ሁለተኛው ምክንያት መላመድ ነው። አሮጌ ኮት ለብሶ የቆመውን ማስፈራሪያ ወፏ ቀናት ሳይቆይ ትንቀዋለች፤ ዝንጀሮማ ከዚያም ፈጥኖ ይለምደዋል። ሳይለወጥ የሚደጋገም ምልክት ለአንጎል አዲስ ወሬ አይነግረውምና።

ለዚህ መፍትሔ ከጠቆሙት አንዱ በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ያደገው ኬንያዊው ሪቻርድ ቱሬሬ ነው። ገና በልጅነቱ፣ አንበሳ የቆመ መብራትን እንደማይፈራ፣ ፋኖስ ይዞ የሚንቀሳቀስን ሰው ግን እንደሚሸሽ አስተዋለ። ከዚያም ባትሪ፣ የፀሐይ ብርሃን ሰሌዳና ትናንሽ አምፖሎች አገናኝቶ፣ ሰው የሚዘዋወር የሚያስመስል ብልጭታ በበረቱ ዙሪያ ዘረጋ። ሥራውንም እ.ኤ.አ. በ2013 በዓለም አቀፍ መድረክ አቅርቦታል።

ጅቡና መርዙ

የሌሊቱ ጠላት ጅብ ነው። በችቦ ብርሃን ዓይኑ የሚያበራው፣ ከዓይኑ ብርሃን ተቀባይ ሽፋን በስተጀርባ እንደ መስታወት የሚመልስ ሌላ ሽፋን ስላለው ነው፤ በጨለማ ጥቂቷን ብርሃን ሁለት ጊዜ ይጠቀምባታል። በትግራይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ በዐቢይ ጾም ወቅት በጅብ ኩስ ውስጥ የሚገኘው የአህያ ፀጉር ድርሻ በእጥፍ ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል። ሰው ሥጋ ሲተው የእርድ ትርፍራፊ ይጠፋልና፣ ጅቡ ፊቱን ወደ አህያ ያዞራል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የበረቱ አጥር ከሁሉ አስቀድሞ መጠንከር ያለበት ከጾሙ በፊት ነው።

አህያው የተበላበት ገበሬ ተቆጥቶ ሥጋ ላይ መርዝ ቢነሰንስ አንፈርድበትም፤ ውኃውም እንጨቱም እህሉም የሚመላለሰው በአህያ ነውና። ነገር ግን መርዝ ጅቡን ከውሻውና ከአሞራው አይለይም። በድን የሚያጸዳው አሞራ ሲያልቅ የሚከተለው ጉዳት ወደ ሰው ይመለሳል።

ለተማሪዎች የተተወ ጥያቄ

የዚህ ሁሉ ጥበቃ ዋጋ የሚከፈለው በልጅ ጊዜ ነው። እኛ ማማ ላይ በዋልንባቸው ሳምንታት የክፍላችን ወንበሮች ባዶ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርት ያልተመለሱ ጓደኞችም ነበሩን። ስለዚህ የሚከተለውን የምናቀርበው እንደ ጨዋታ አይደለም። በትንሽ የፀሐይ ብርሃን ሰሌዳ የሚሠራ፣ የጩኸቱ ጊዜና አቅጣጫ በዕጣ የሚለዋወጥ መሣሪያ ሥሩ። በአንድ ማሳ ላይ ትከሉት፤ ሌላውን ተመሳሳይ ማሳ ያለ መሣሪያ ተዉት። የተበላውን ራስ በየሳምንቱ ቁጠሩ፤ እንስሳቱ በስንተኛው ቀን እንደለመዱትም መዝግቡ። መሣሪያው ጠባቂን ፈጽሞ ይተካል አንልም። አንድን ልጅ ከማማ አውርዶ በሳምንት ጥቂት ቀናት ወደ ክፍሉ ቢመልስ ግን፣ ፊዚክስ ዕዳውን መክፈል ጀመረ እንላለን።