ሳይጋቡ የሚያልቁ ፊልሞች

የፍቅር ፊልም ወዳጆች ተሰብስበው «ከሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው?» ከተባባሉ ክርክሩ አያልቅም። አንዱ «ታይታኒክ» ይላል፣ ሌላው የሻሩክ ካንን ፊልም ይጠራል። ዕድሜ ጠገብ ሆነው ስማቸው የሚነሣውን ላስተዋለ ግን አንድ ነገር ይታየዋል፤ በብዙዎቹ ፍቅረኞቹ አይጋቡም።

«ካሳብላንካ»ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣው ይህ ፊልም በሞሮኮ ከተማ ስም ይጠራ እንጂ የተቀረፀው ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። መጨረሻ ላይ የሚታየው አውሮፕላን እንኳ አነስ ተደርጎ የተሠራ ሐሰተኛ ነበር፤ ትንሽነቱ እንዳይታወቅ በጭጋግ ሸፈኑት፣ አጫጭር ሰዎችንም መካኒክ አስመስለው ዙሪያውን አቆሙ። በሃምፍሪ ቦጋርት የሚተወነው ሪክ፣ ፓሪስ ላይ ጥላው የጠፋችውን ኢልሳን ቡና ቤቱ ድረስ ስትመጣ ያገኛታል። ባል አላት፤ ባሏም ናዚዎች የሚያሳድዱት ታጋይ ነው። ሪክ እጅ ያለው የይለፍ ወረቀት ለሁለት ሰው ብቻ ይበቃል። ይዟት መብረር እየቻለ ከባሏ ጋር አሳፍሯት እሱ ይቀራል።

ቀረጻው ሲጀመር ጽሑፉ ገና አላለቀም ነበር። ኢልሳን የሆነችው ኢንግሪድ በርግማን ከየትኛው ወንድ ጋር እንደምትሄድ ሳታውቅ ነው የተወነችው ይባላል። ፊቷ ላይ የሚነበበው ማመንታት ያን ያህል የሚታመነው ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

ፊልሙን ከፍ ያደረገው ግን ሌላ ነው። ከተዋናዮቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ከናዚ የሸሹ ስደተኞች ነበሩ። የናዚውን ሻለቃ የሚጫወተው ኮንራድ ፋይት ባለቤቱ አይሁዳዊት ስለነበረች ጀርመንን ጥሎ የወጣ ሰው ነው። ኢቮንን ሆና የምትተውነው ማድሌን ሌቦ ደግሞ ፈረንሳይ በጀርመን ስትያዝ ከባሏ ጋር አምልጣ ነው አሜሪካ የገባችው። የጀርመን መኮንኖች ሲዘፍኑ ቡና ቤቱ በሙሉ ተነሥቶ በፈረንሳይ ብሔራዊ መዝሙር ድምፃቸውን ሲውጠው ካሜራው ኢቮን ፊት ላይ ይቆማል፤ እንባዋ ይታያል። ያን እንባ ትወና ብቻ ነው ማለት ይከብዳል። ሪክ ኋላ ፍቅሩን ለምን እንደሚተው ተመልካቹ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው «ሮማን ሆሊደይ» ቀለል ያለ ይመስላል። ኦድሪ ሄፕበርን ከቤተ መንግሥት ወግ አምልጣ ሮም ውስጥ አንድ ቀን እንደ ተራ ሰው የምትውል ልዕልት ናት፤ ግሪጎሪ ፔክ ታሪኳን ሸጦ ገንዘብ ሊያገኝ የተነሣ ጋዜጠኛ ነው። የውሸታም እጅ ይቆርጣል የሚባል የድንጋይ ፊት አጠገብ ይቆማሉ። ፔክ እጁን የድንጋዩ አፍ ውስጥ አስገብቶ፣ ሳይነግራት እጅጌው ውስጥ ደብቆ ሲያወጣው ሄፕበርን ጮኸች፤ ጩኸቷ የእውነት ነው። መጨረሻ ላይ በጋዜጣዊ መግለጫ አዳራሽ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እንደማይተዋወቁ ሆነው ይጨባበጣሉ። በቃ። ሄፕበርን በዚህ ሥራዋ ኦስካር ወስዳለች።

እነዚህን ፊልሞች ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ ጋር ማስተያየት ይቻላል። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የሚለያያቸው የዘርና የማዕረግ ግድግዳ ስለሆነ አንባቢ የሚቆጣበት ሰው አያጣም። ሪክና ልዕልቷ ግን ራሳቸው ወስነው ነው የሚለያዩት። የሚረገም ስለሌለ ሐዘኑ መውጫ ያጣና ተመልካቹ ላይ ይቀራል።

ሠርግ ያለበት ፊልም ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» ሙምባይ በሚገኘው ማራታ ማንዲር ሲኒማ ከሃያ ዓመት በላይ ታይቷል። እዚያም ቢሆን ዋናው ገጸ ባሕርይ ራጅ የሚወዳትን ልጅ ይዞ መጥፋት ሲችል፣ እናቷም «ይዘሃት ሂድ» እያለችው፣ አባቷ ካልፈቀዱ አይሆንም ይላል። ሽማግሌ መላክን ለሚያውቅ የእኛ አገር ተመልካች ይህ እንግዳ አይደለም። ራጅም ከማግኘቱ በፊት ለማጣት ዝግጁ ነበር።

ጥቁርና ነጭ ፊልም ይሰለቸናል የምትሉ በ«ሮማን ሆሊደይ» ጀምሩ፤ ያስቃልና። «ካሳብላንካ»ም ሁለት ሰዓት አይሞላም። አይታችሁ ስትጨርሱ ሪክ ልክ ነበር ወይስ ሞኝ፣ ፍርዳችሁን ጻፉልን።