«እናቴን አደራ» የሚል መልእክት ሲደርስ

ከቡሬ ዙሪያ ገጠር አንድ ወጣት፣ አዲስ አበባ ላለች ታላቅ እህቱ ማታ እንዲህ ብሎ ጻፈላት እንበል፦ «እትዬ፣ እኔ ከእንግዲህ አልረባችሁም። እናቴን አደራ።»

ድካምም ንዴትም «ምነው በሞትኩ» ያሰኛል። ይህኛው መልእክት ግን ከዚያ ይከብዳል። ሰው ራሱን ለቤተሰቡ ሸክም አድርጎ ሲያይ፣ አደራ ሲያበዛ፣ ሳይጠየቅ ዕዳውን ሲዘጋጋ፣ ከማኅበርና ከሰንበቴ ሲቀር፣ የአእምሮ ሐኪሞች የአደጋ ምልክት ነው ይላሉ።

እህቱ በግልጽ ብጠይቀው ሐሳቡን እኔው አስገባበታለሁ ብላ ትፈራ ይሆናል። ይህ ፍርሃት ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ2,300 በላይ ተማሪዎችን በሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን ስለ ራስ ማጥፋት ጠየቀ፣ ሌላውን አልጠየቀም። የተጠየቁት ሐሳቡ አልጨመረባቸውም፤ ድባቴ የነበረባቸው እንዲያውም ቀለል አላቸው። ስለዚህ ወዲያው ደውላ «ወንድምዓለም፣ ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብትለው ትረዳዋለች። ቁጣው፣ ምክሩ፣ «ኃጢአት እኮ ነው» ማለቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ እሱ ይናገር።

«አዎ» ካለ ሌሊቱን ብቻውን ማደር የለበትም። አክስትም ሆነ ጎረቤት፣ የሚያምነው ሰው አጠገቡ ይደር። የከፋው ሰዓት እንደ ወንዝ ሙላት ነው፤ ይመጣል፣ ይጎድላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የኦስትሪያ ጥናት ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው የተረፉ 82 ሰዎችን ሲጠይቅ፣ ግማሽ ያህሉ ሐሳቡ ከመጣባቸው እስከ ሙከራው 10 ደቂቃ እንኳ አልሞላም ብለዋል። ሞክረው ከተረፉት ደግሞ ከ10 ሰው 9ኙ በኋላ ራሳቸውን አያጠፉም።

በእነዚያ ደቂቃዎች ቤት ውስጥ ያለው ነገር ሕይወትን ይወስናል። ቡሬ የበቆሎ አገር ነው፤ ነቀዝ ስላለ የፀረ-ተባይ መድኃኒት ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል። አብሮት የሚያድረው ሰው ያን መድኃኒት ከቤት አውጥቶ ሌላ ቤት ይቆልፍበት። ለነቀዙም ቢሆን ባለ ሦስት ሽፋን፣ አየር የማያስገባው ከረጢት ያለ መድኃኒት እህል ያቆያል። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ እጅግ መርዛማ የሆኑትን ፀረ-ተባዮች ደረጃ በደረጃ ከገበያ አስወጣች፤ ከ1995 በኋላ ባሉት 20 ዓመታት ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች መጠን በ70 በመቶ ገደማ ወረደ። የአገሬው እርሻ በዚህ አልተጎዳም። እኛም የገበሬ አገር ነንና ይህ ተሞክሮ ከማንም ይልቅ ለእኛ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። አንድ ሰው ፀረ-ተባይ ወስዶ ከተገኘ ደግሞ ወተት መጋትና ማስመለስ ጊዜ ከማቃጠል አልፎ ይጎዳል፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ቀጣዩን ሥራ፣ ማለትም አዘውትሮ መጠየቁን፣ እህት ከአዲስ አበባም፣ ከቤሩትም ሆና ልትሠራው ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና ሞክረው የተረፉ 1,867 ሰዎችን ተከታተለ። ግማሽ ያህሉ ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ የአንድ ሰዓት ውይይት አደረጉ፤ ከዚያ በ18 ወር ውስጥ 9 ጊዜ በስልክ ወይም በአካል «እንዴት ነህ?» ተባሉ። ከእነዚህ መካከል በኋላ ራሳቸውን ያጠፉት ከ1,000 ሰው 2 ያህል ሲሆኑ፣ ካልተጠየቁት ግን 22 ያህል ነበሩ። በኢንተርኔት ብቻ መተማመን ግን አያዋጣም፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ሲነሣ ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ስለዚህ የጎረቤትንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ስልክ አስቀድሞ መያዝ ይበጃል።

ብዙ ቤተሰብ ፖሊስና ውግዘት ፈርቶ ነገሩን ይሸሽጋል። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የሚያነሣሣውን ወይም የሚረዳውን ነው፤ የሞከረውን አይደለም። የንስሐ አባት ብዙ ጊዜ ከሐኪም ቀድሞ ይሰማልና፣ ከጸሎቱ ጋር «ጤና ጣቢያም ሂድ፤ አብሬህ እሄዳለሁ» ቢል ትልቅ ነገር ነው። ጸበሉና ክኒኑ አይጣሉም። ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ከሆነ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አለ። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል። ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተወው በዚያ መሐል ነው፤ እህቱም አዘውትራ መደወል ያለባት ያኔ ነው።